አምስት ሄክታር ደን ስንት ሜትር ካብ ይፈጃል? የደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች የጉዳይ ጥናት

«ደኑ አምስት ሄክታር ነው» የሚል መረጃ ብቻውን ካብ ለሚያስክብ ሰው አይረባውም። አምስት ሄክታር በ793 ሜትር ካብ ሊታጠር ይችላል፤ 2,100 ሜትርም ሊፈጅ ይችላል። ስፋቱ ያው ነው፤ ልዩነቱን የሚያመጣው ቅርጹ ነው። ይህ በትምህርት ቤት የሒሳብ ደብተር ላይ ሲታይ ቀላል ጥያቄ ይመስላል። ደቡብ ጎንደር ላይ ግን በድንጋይ፣ በጉልበትና በችግኝ ይከፈልበታል።

ጉዳዩ

ከጣና ዳርቻ እስከ ጉና ተራራ ባለው አገር ከ1,000 የሚበልጡ የቤተ ክርስቲያን ደኖች አሉ። ዙሪያቸውን የጤፍ፣ የስንዴና የገብስ ማሳ ወይም የግጦሽ መሬት ይዞታል። ከሰማይ በተነሣ ምስል ሲታዩ በቡናማ መሬት ላይ የተንጠባጠበ አረንጓዴ ቀለም ይመስላሉ። መሀል ላይ ክቡ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ከእርሱ ወጣ ብሎ ቅጽሩ፣ የአብነት ተማሪዎች ጎጆና መካነ መቃብሩ፣ ከዚያ ወዲያ ጥዱ፣ ወይራው፣ ዝግባው፣ ጥቁር እንጨቱ፣ ዋንዛው፣ ብሳናውና ሰሳው። በደራ ወረዳ ያለው የገላውዴዎስ ደን ወደ 100 ሄክታር ይጠጋል፤ አብዛኞቹ ግን ከጥቂት ሄክታር አያልፉም።

ችግሩ የሚጀምረው ከጠርዙ ነው። አዝመራ ተሰብስቦ ከብት ሲለቀቅ ወደ ጥላው ይገባል፤ የበቀለውን ይግጣል፣ ያልበቀለውን ይረግጣል። ማረሻውም በየዓመቱ አንድ ትልም ወደ ውስጥ ይጠጋል። ትልልቆቹ ዛፎች ቆመው ሳለ ከሥራቸው የሚተካቸው ይጠፋል። የደን ሥነ ምህዳር ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና ባልደረቦቻቸው በእነዚህ ደኖች ውስጥ ከከብት የተከለለ መሬትን ካልተከለለው ጋር አነጻጽረው፣ በተከለለው ላይ ዘር የተሻለ እንደሚበቅል፣ ችግኙም የተሻለ እንደሚተርፍና እንደሚያድግ አሳይተዋል። ከዚያ በኋላ እርሳቸውና አሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ከካህናቱና ከምእመናኑ ጋር ሆነው በአንዳንዶቹ ደኖች ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲታነጽ አድርገዋል። ድንጋዩ የሚለቀመው ከአካባቢው ማሳ ነው። ገበሬው ለማረሻው እንቅፋት የሆነበትን ድንጋይ ይገላገላል፤ ደኑም አጥር ያገኛል። በዚህ አገር ከታሰቡ የደን ጥበቃ ዘዴዎች ውስጥ እንዲህ ሁሉንም ወገን የሚጠቅም ጥቂት ነው።

ካብ ግን የሚለካው በሄክታር ሳይሆን በሜትር ነው። ከዚህ በታች ያሉት ልኬቶች የአንድ የተወሰነ ደብር አይደሉም፤ በእነዚህ ደኖች መጠንና መልክ ላይ የተሠሩ ስሌቶች ናቸው፤ ማንም በወረቀትና በካልኩሌተር ሊያረጋግጣቸው ይችላል።

አንድ ስፋት፣ ብዙ ዙሪያ

አምስት ሄክታር 50,000 ካሬ ሜትር ነው፤ በገበሬው አቆጣጠር 20 ጥማድ ገደማ። ደኑ ፍጹም ክብ ቢሆን ሬድየሱ 126.2 ሜትር፣ ዙሪያው 793 ሜትር ይሆናል። ከዚህ ያነሰ ዙሪያ ይህን ስፋት ሊይዝ አይችልም። እኩል ጎኖች ያሉት ካሬ ቢሆን እያንዳንዱ ጎን 223.6 ሜትር፣ ዙሪያው 894 ነው። ጎኖቹ እኩል የሆኑ ሦስት ማዕዘን 1,019 ሜትር ይፈጃል። 100 በ500 ሜትር የሆነ ረዘም ያለ ደን 1,200፣ ወንዝ ተከትሎ የተዘረጋ 50 በ1,000 ሜትር የሆነ ደግሞ 2,100 ሜትር። ያው አምስት ሄክታር እያንዳንዳቸው አንድ ሄክታር በሆኑ አምስት ክብ ቁራጮች ቢበታተን ደግሞ በድምሩ 1,772 ሜትር ካብ ይጠይቃል።

ለምን እንደዚህ እንደሚሆን በካሬው ላይ ማየት ይቀላል። ከ223.6 ሜትሩ ካሬ አንዱን ጎን በ100 ሜትር እናስረዝም፣ ሌላውን በ100 ሜትር እናሳጥር። ካቡ አልጨመረም አልቀነሰም፤ ዙሪያው አሁንም 894 ነው። ስፋቱ ግን 323.6 ሲባዛ በ123.6፣ ማለትም ወደ 40,000 ካሬ ሜትር ወርዷል። የጠፋው 10,000 ካሬ ሜትር በትክክል 100 በ100 ነው። ጎኖቹ ከእኩልነት በራቁ ቁጥር የርቀታቸው ካሬ ከስፋቱ ላይ ይቀነሳል። ያንን የጠፋ መሬት መልሶ ለማስገባት ሲባል ነው ካቡ የሚረዝመው።

ክብ የሚሻል ከሆነ በክብ እንካብ ማለት ግን አይደለም። በዛፍ መሀል 126 ሜትር ገመድ አዙሮ ክብ መሳል አይቻልም። ደግነቱ ክብ መሆንም አያስፈልግም፤ እኩል ጎኖች ያሉት ስምንት ማዕዘን 814 ሜትር ብቻ ይፈጃል፤ ከክቡ የሚበልጠው በ21 ሜትር ነው። ስድስት ማዕዘንም ቢሆን 832 ነው። ቀጥ ያሉ ጎኖችን በገመድ መዘርጋትና በሰፊ ማዕዘን ማገናኘት ለካቢዎቹም ይቀላል። ደግሞም የካብ ደካማ ቦታ ሹል ማዕዘኑ ነው፤ ሁለቱ ግድግዳዎች ተቆላልፈው የሚይዙት ትልልቅ ድንጋይ ካልተገኘ ጥጉ ይለያያል።

ለሥራ የሚረዳ አንድ ቁጥር አለ፤ 354.5። የደኑን ሄክታር ስኩዌር ሩት አውጥቶ በ354.5 ማባዛት ያንን ስፋት ሊይዝ የሚችለውን አነስተኛ ዙሪያ ይሰጣል። የተለካውን ዙሪያ ለዚህ ቁጥር ማካፈል ደግሞ የቅርጹን ልክ ይነግራል። ክብ 1 ነው፣ ካሬ 1.13፣ 100 በ500 የሆነው 1.51፣ 50 በ1,000 የሆነው 2.65። ውጤቱ ከ1.3 በላይ ሲመጣ ድንጋይ ከመነሣቱ በፊት መስመሩን እንደገና መመልከት ያዋጣል።

እዚህ ላይ መጠኑም የራሱ ጫና አለው። አንድ ሄክታር የሆነ ክብ ደን 354 ሜትር ካብ ይፈልጋል። አምስት ሄክታር ሲሆን በአንድ ሄክታር የሚደርሰው 159 ሜትር ነው፤ መቶ ሄክታር ሲሆን 35 ሜትር ብቻ። ትንሿ ደብር ያላት ምእመን ጥቂት ሆኖ ሳለ ለእያንዳንዱ ሄክታር የምትሸከመው ድንጋይ ከትልቁ ደብር አሥር እጥፍ ነው። ርዳታ «በሄክታር ይህን ያህል» ተብሎ ቢደለደል ትንንሾቹ ደኖች ካባቸውን ሳይዘጉ ሊቀሩ የሚችሉት ለዚህ ነው። ያልተዘጋ ካብ ደግሞ ከብትን አይከለክልም፤ 90 በመቶ የታጠረ ደን ለላም ያልታጠረ ነው።

አንድ ሜትር ካብ ምን ይበላል

ለሒሳቡ የሚከተለውን ካብ እንውሰድ። ከመሬት በላይ 1.2 ሜትር፣ ከታች 80 ሴንቲሜትር፣ ከላይ 40 ሴንቲሜትር ውፍረት፤ በሁለቱም ፊት በየ6 ሴንቲሜትሩ ከፍታ 1 ሴንቲሜትር ወደ ውስጥ እያዘነበለ የሚሄድ። ከሥሩ 90 ሴንቲሜትር ስፋትና 30 ሴንቲሜትር ጥልቀት ያለው መሠረት። የላይኛው በአንድ ሜትር 0.72፣ መሠረቱ 0.27፣ በድምሩ አንድ ሜትር ኩብ ገደማ ይሆናል። በድንጋዮቹ መካከል ያለው ክፍተት ሲቀነስ 1.8 ቶን ያህል ጥቁር ድንጋይ ነው። ስለዚህ አንድ ሜትር ካብ አንድ ሜትር ኩብ ብሎ መያዝ ይበቃል። ከባዱ ድንጋይ መሠረት ይወርዳል፤ ሁለቱ ፊቶች እኩል ከፍ እያሉ መሀላቸው በጠጠርና በጥቃቅን ድንጋይ ይሞላል እንጂ በአፈር አይሞላም፤ አፈር በክረምት ውኃ ይዞ ካቡን ያሳብጠዋል። በካቡ ወገብ ላይ በየአንድ ሜትሩ ከፊት እስከ ኋላ የሚያልፍ ማሰሪያ ድንጋይ ይገባል። የላዩ ድንጋይ የታችኞቹን መገጣጠሚያ መድፈን አለበት። የጉልበቱን ቀን ለመገመት አስተማማኙ መንገድ አሥር ሜትር ክቦ የፈጀውን የሰው ቀን ቆጥሮ ማባዛት ነው፤ የድንጋዩ ርቀት በየቦታው ስለሚለያይ ከሌላ ደብር የመጣ ቁጥር አይሠራም።

መስመሩ ሲያያዝ

ብዙ ሜትር የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። በተለመደው አሠራር ካቢው የመጨረሻውን ዛፍ ተከትሎ ይሄዳል፤ ዛፉ ወጣ ሲል ይወጣል፣ ገባ ሲል ይገባል። አንድ የናሙና ሥዕል እንውሰድ። ዋናው አካል 200 በ230 ሜትር ነው። በአንዱ ጎን ማሳ ገብቶበት አፉ 60 ሜትር፣ ጥልቀቱ 40 ሜትር የሆነ ስርጉድ አለ። በሌላው ጎን ደግሞ ወርዱ 20፣ ርዝመቱ 150 ሜትር የሆነ ምላስ በወንዙ ዳር ይወጣል። ስፋቱ 4.66 ሄክታር ነው። ጠርዙን እየተከተለ የሚካበው ካብ 1,240 ሜትር ይሆናል፤ የቅርጹ ልክ 1.62።

ስርጉዱን በቀጥታ መስመር መዝጋት 140 ሜትሩን በ60 ይተካል። ካቡ በ80 ሜትር ሲያጥር ለደኑ 0.24 ሄክታር፣ አንድ ጥማድ ያህል ይጨመራል። አጥር አሳጥሮ መሬት መጨመር ተቃራኒ ነገር ቢመስልም ወደ ውስጥ በገባ ጠርዝ ላይ ሁልጊዜ እንዲህ ነው። በገመድ የታሰረ ነዶ ይታሰበን፤ ገመዱ ሲጠብቅ ስርጉዱን አልፎ ይሄዳል።

ምላሱ የተገላቢጦሽ ነው። ለ0.3 ሄክታር 300 ሜትር ካብ ይጠይቃል፤ አንድ ሜትር ካብ አሥር ካሬ ሜትር ብቻ ይጠብቃል። በዋናው አካል ላይ ግን አንድ ሜትር ካብ ከ53 ካሬ ሜትር በላይ ይጠብቃል። ምላሱን ከድንጋዩ ውጭ ትቶ በቅንጭብ ወይም በእሾህ ማጠር ይቻላል። ያኔ የድንጋይ ካቡ 860 ሜትር ይሆናል፤ በውስጡ የሚቀረው 4.6 ሄክታር ነው። ስፋቱ አልተለወጠም ለማለት በሚያስችል ሁኔታ 380 ሜትር ካብ ቀርቷል፤ 380 ሜትር ኩብ ድንጋይ፣ ወደ 680 ቶን፤ 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ሲኖትራክ ከ23 ምልልስ በላይ።

ሒሳቡ እንዲህ ቢልም ሒሳብ ብቻውን አይወስንም። ስርጉዱ የሰው ይዞታ ነው፤ ገበሬው የይዞታ ደብተር አለው። በደብሩ ሰበካ ጉባኤ፣ በቀበሌው የመሬት አስተዳደርና በገበሬው መካከል በምትክ መሬት ወይም በካሳ ስምምነት ካልተደረሰ ቀጥታው መስመር ሊሰመር አይገባም፤ ያለ ስምምነት የተካበ ካብ ከዛፉ በፊት ጎረቤቱን ያጣል። ለድርድር ግን ጠቃሚ ነገር አለ። የቀረው 80 ሜትር ካብ ዋጋና ጉልበት ስንት እንደሆነ ይታወቃልና ለአንድ ጥማዱ ምን ያህል መስጠት እንደሚቻል በቁጥር ማስቀመጥ ይቻላል። ምላሱም ላይ እንዲሁ። ጫፉ ላይ ዘር የሚጥሉ ያረጁ ወይራና ጥቁር እንጨት ካሉ፣ ወይም ጸበሉ እዚያ ከሆነ 300 ሜትሩ ይገባዋል። የሚያሳዝነው ግን ማንም ሳያመዛዝነው መካቡ ነው።

ልኬት የሚያሳስትበት ቦታ

ስፋትና ዙሪያ በስሕተት አያያዛቸው ይለያያሉ። ጂፒኤስ ይዞ ደኑን የሚዞር ሰው ነጥቦቹ አንዴ ወደ ውስጥ፣ አንዴ ወደ ውጭ ይወድቁበታል። በስፋቱ ላይ የገባውና የወጣው ይጣፋል፤ ዙሪያው ላይ ግን ሁሉም ይደመራል። በየ5 ሜትሩ ነጥብ ተይዞ እያንዳንዱ ተራ በተራ 3 ሜትር ወደ ግራና ወደ ቀኝ ቢስት፣ የ5 ሜትሩ እርምጃ 7.8 ሜትር ሆኖ ይመዘገባል፤ ዙሪያው በ56 በመቶ ያብጣል። ያው ስሕተት በየ30 ሜትሩ በተያዘ ነጥብ ላይ 2 በመቶ ብቻ ነው። ስለዚህ ጂፒኤሱ በሚታጠፍባቸው ቦታዎች ላይ ብቻ፣ በየማዕዘኑ ሁለት ሦስት ደቂቃ ቆሞ ይያዝ፤ ከ12 እስከ 20 ነጥብ ለእንዲህ ያለ ደን ይበቃል። የካቡ ርዝመት ደግሞ በመጨረሻ በ50 ሜትር ገመድ ሜትር ይረጋገጥ።

ከሳተላይት ምስል ላይ ዙሪያን በካሬ ነጥቦች የሚቆጥር ፕሮግራም ሌላ ወጥመድ ነው። ሰያፉን ጠርዝ እንደ ደረጃ ስለሚወጣው ለአምስት ሄክታሩ ክብ 793 ሳይሆን 1,009 ሜትር ይሰጣል። ምስሉ ይበልጥ ቢጠራ እንኳ ስሕተቱ አይቀንስም፤ ደረጃው ያንሳል እንጂ አይጠፋም። ጠርዙን በእጅ ቀጥ ባሉ መስመሮች መሳል ይሻላል። ቁልቁለት ደግሞ ወደ ሌላኛው ወገን ያሳስታል። ካርታ ርቀትን የሚያሳየው በአግድም ነው፤ በ100 ሜትር 30 ሜትር በሚወርድ ተረተር ላይ ካቡ ከካርታው በ4.4 በመቶ ይረዝማል፤ 50 ሜትር በሚወርድበት በ11.8 በመቶ።

ካቡ የማያስቆመው

ካብ ከብትንና ማረሻን ይከለክላል። ነፋስን፣ የቀትር ፀሐይንና ድርቀትን አይከለክልም፤ እነዚህ ከጠርዙ ተነሥተው ወደ ውስጥ ይዘልቃሉ። የሚዘልቁበት ርቀት በየደኑ ይለያያል፤ ለማነጻጸር 30 ሜትር እንበል። ከዚያ ያለፈውን የደኑ እምብርት ብለን ብንለካ፣ ክቡ አምስት ሄክታር 2.9 ሄክታር እምብርት ይቀረዋል። ካሬው 2.68፣ 100 በ500 የሆነው 1.76። 50 በ1,000 የሆነው ግን እምብርት የሚባል ነገር የለውም፤ ከየትኛውም ዛፍ ተነሥቶ 25 ሜትር ሳይሄዱ ማሳ ላይ ይወጣሉ። በወረቀት አምስት ሄክታር ደን ነው፤ ጥላና እርጥበት ለሚፈልግ ችግኝ ግን ሁሉም ጠርዝ ነው። የዙሪያው ጉዳይ የድንጋይ ቁጠባ ብቻ ያልሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ለእንዲህ ያለው ቀጭን ደን ካቡን ከዛፉ ጫፍ ሳይሆን ራቅ አድርጎ መጀመር ይበጃል። መስመሩን በሁሉም በኩል 10 ሜትር ወደ ውጭ ማውጣት፣ ማዕዘኖቹ ዞር እስካሉ ድረስ፣ የሚጨምረው ካብ 63 ሜትር ብቻ ነው። ይህ ቁጥር ስርጉድ በሌለው ማንኛውም ቅርጽ ላይ አይለወጥም፤ ለክቡም ለቀጭኑም 63 ነው። የሚገኘው መሬት ግን እኩል አይደለም። ክቡ በ63 ሜትር ካብ 0.82 ሄክታር ሲያገኝ ቀጭኑ 2.13 ሄክታር ያገኛል፤ የተጨመረው ዳር በዛፍ ሲሸፈን ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ወርዱ 10 ሜትር፣ ርዝመቱ 960 ሜትር የሆነ እምብርት ይኖረዋል፤ አንድ ሄክታር ሊሞላ ጥቂት የቀረው።

በሁሉም በኩል መስፋት ባይቻል ያው 20 ሜትር በአንድ በኩል ብቻ ቢጨመር እምብርቱ ከሞላ ጎደል ያው ነው። ስለዚህ ምርጫው በመሬቱ ሁኔታ ይወሰናል፤ የማይታረስ ድንጋያማ ተረተር ያለበት፣ የመንደሩ መንገድ የማይቆረጥበት፣ የጎርፍ መውረጃም የማያቋርጠው ጎን ይቀድማል። ጎርፍ የሚያልፍበት ላይ ካቡ መሠረቱ ተቦርቡሮ በመጀመሪያው ክረምት ይወድቃል፤ እዚያ ቦታ ላይ ጥቂት ሜትር ጨምሮ መዞር ወይም በትልልቅ ድንጋይ ማፍሰሻ መተው ግድ ነው።